ከ«አት» ወዲያ የማን ልጅ?

የኢሜይል አድራሻ በአንዲት ምልክት ለሁለት ይከፈላል። ከምልክቷ በስተግራ ያለው የሰው ወይም የክፍል መጠሪያ ነው፤ በስተቀኝ ያለው ደግሞ ያ ሰው የሚገኝበት ቤት ስም ነው፤ ዶሜይን ይባላል። መካከል ላይ የተቀመጠችውን ጅራታም ኤ፣ ሁሉም «አት» የሚላትን፣ ለዚህ ሥራ የመረጣት ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የመረጣት በማንም ሰው ስም ውስጥ ስለማትገኝ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አማኑኤል ከተማ፣ በአንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ «ሺፍትን ሳትለቂ ሁለትን ንኪያት» እየተባለች የምትፈለግበት ቀን ይመጣል ብሎ ማሰቡ ግን ያጠራጥራል።

አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዚያም፣ እንደ ብዙው የአገሪቱ ከተማ፣ ሰው አድራሻዬ ነው ብሎ የሚጨነቅለት የግራውን ወገን ብቻ ነው። የቀኙ «አት ጂሜል ዶት ኮም» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። «ኢሜይል አለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ወጣት «ኢሜይል እንኳ የለኝም፤ ጂሜል ነው ያለኝ» ቢል የሚስቅበት የለም፤ ጠያቂውም «እሱም ይሆናል» ብሎ ይጽፋል። ጂሜል የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2004 ነው። ከእሱ በፊት በ1996 ሆትሜይል፣ በ1997 ደግሞ ያሁ ሜይል መጥተው ነበር። በዚህም ምክንያት ዶሜይን ሳይጠየቅ ዕድሜ ይናገራል። ዛሬም ያሁ የሚል አድራሻ የሚሰጥ ሰው፣ ፀጉሩን ቢቀባም ባይቀባም፣ የኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ የሚከፈልበትን ዘመን ያየ ነው።

በኢንተርኔት ቤቶች የሚታየው ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው የቀኙን ወገን እንደ ጌጥ ከማየት ነው። አንዱ ከስሙ ፊት ሦስት ደብልዩ ይደረድራል፤ ያ የድረ ገጽ ልማድ ነው፣ ለኢሜይል አያስፈልግም። ሌላው በስሙና በአባቱ ስም መካከል ክፍት ቦታ ይተዋል፤ አድራሻ ግን ክፍት ቦታ አይወድም። ሦስተኛው ነጥቧን በነጠላ ሰረዝ ይተካል። በስልክ ሲነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። «ኤ ነው ያልከኝ ኢ?» ሲባል «አይደለም፣ አይ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ያኛውም «አይ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?» ይላል። ስለዚህ «ዲ ለደጀን፣ ቢ ለቡሬ፣ ኤም ለማርቆስ» እየተባለ ጎጃም በሙሉ ለምስክርነት ይጠራል። በትልቅና በትንሽ ፊደል መጨነቅ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ዶሜይን ሁለቱን አይለይም።

ዶሜይን የሚመረመረው ከመጨረሻው ወደ ፊት ነው። ጎጃም ውስጥ እንግዳ ሲመጣ «ማን ነህ?» ብቻ ተብሎ አይታለፍም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ይከተላል። ጋብቻ የታሰበ እንደሆነ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ዶሜይንም በዚሁ አቆጣጠር የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ ልጅ፣ ቀጥሎ አባት፣ ቀጥሎ አያት፣ በየመካከሉ ነጥብ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ዶሜይን «ዲኤምዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ነው። ኢቲ የኢትዮጵያ ምልክት፣ አያት ነው። ኢዲዩ የትምህርት ተቋማት ሁሉ የሚወለዱበት አባት ነው። ዲኤምዩ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው ደስ ካለው ከዲኤምዩ በፊት ለቤተ መጻሕፍቱም ለፋኩልቲውም ሌላ ትውልድ ይጨምራል፤ ማንንም አያስፈቅድም። ሕጉ የሚያስቸግረው በርዝመት ብቻ ነው፤ በነጥቦች መካከል ያለው አንዱ ስም ከ63 ፊደል፣ ሙሉው ዶሜይን ደግሞ ከ253 ፊደል መብለጥ የለበትም። ሰባት ቤት ይቅርና አሥር ቤት ይገባበታል።

በዚህ ዘር ቆጠራ ውስጥ ሥልጣን የሚወርደው ከአያት ወደ ልጅ ነው። በኢቲ ሥር አዲስ ስም የሚያስገባው የኢቲ መዝገብ ያዥ ብቻ ነው፤ በዲኤምዩ ሥር የሚያስገባው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ብቻ። ደጃፍ ላይ ቆሞ «እኔም የዚህ ቤት ልጅ ነኝ» ማለት አይቻልም። ዶሜይንን ለማመን የሚያስችለው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የማጭበርበሩ ሁሉ ብልሃትም ይህን መስመር ማምታታት ነው።

ሥርዓቱ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመረቡ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ስም ሁሉ በአንድ መዝገብ ተጽፎ ካሊፎርኒያ ውስጥ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር፤ የሚጠብቁትም ኤሊዛቤት ፋይንለርና ባልደረቦቿ ነበሩ። አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ደውሎ ወይም ጽፎ ያስመዘግባል፤ ሌላው ሁሉ መዝገቡን ይገለብጣል። ኮምፒውተሩ ሲበዛ መዝገቡ አልበቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ስም የመስጠቱን ሥራ ለየቤተሰቡ የሚያከፋፍለውን የዛሬውን አሠራር ነደፈ። ኮም፣ ኢዲዩ፣ ጎቭ፣ ሚል፣ ኦርግና ኔት የተባሉት አያቶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለአገሮች ደግሞ ባለ ሁለት ፊደል ምልክት ተመደበላቸው። የአሜሪካ መንግሥት ቀድሞ ስለደረሰ ጎቭን ያለ አገር ምልክት ለብቻው ይዞታል። ሌላው መንግሥት ጎቭ ማለት ከፈለገ የአገሩን ምልክት መጨመር አለበት፤ የእኛ ሚኒስቴሮች «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ኢቲ ለኢትዮጵያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው ግን በ1997 ነው። ስሙ ከባለቤቱ ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ኢሜይል የሚያውቀው አዲስ አበባ የነበረው ጥቂት ሰው፣ በተለይም በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በነበረው ፓዲስ በተባለ ማዕከል በኩል የሚላላከው ነበር፤ መልእክቱ ተጠራቅሞ ይቆይና በስልክ መስመር ወደ ለንደን ይላካል። ከ1997 በኋላ «ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ» የሚለው አድራሻ የክብር ምልክት ሆነ፤ በድርጅቶች ደብዳቤ አናት ላይ ከፖስታ ሣጥን ቁጥርና ከፋክስ ጎን ተቀመጠ። ቀጥሎ «ኢትዮኔት ነጥብ ኢቲ» መጣ። ሁለቱንም ዛሬ አሮጌ ማኅደር ውስጥና ቀለሙ በለቀቀ የበር ሰሌዳ ላይ ማግኘት ይቻላል። ሰሌዳ የሚቀይር ሰው ስልክ ቁጥሩን ያስተካክላል እንጂ ኢሜይሉን ማንም አይነካውም፤ የሚጽፍበት ሰው አይኖርም ተብሎ ሳይሆን አይቀርም።

በኢቲ ሥር ያሉት አባቶች ጥቂት ናቸው፤ ኮም ለንግድ፣ ጎቭ ለመንግሥት፣ ኢዲዩ ለትምህርት፣ ኦርግ ለማኅበራት፣ ኔት ለመረብ አገልግሎት ሰጪዎች፣ ሌሎችም። ይሁንና ሁሉም በአባቱ በኩል አይመጣም። ኢትዮ ቴሌኮም «ኢትዮቴሌኮም ነጥብ ኢቲ» ብሎ በቀጥታ ከአያቱ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም «ኮምባንክኢቲኤች ነጥብ ኢቲ» ብሎ እንደዚያው አድርጓል። ዳሸን ባንክና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ኢቲን ትተው ወደ ዓለም አቀፉ ኮም ገብተዋል። ስለዚህ «መጨረሻው ኢቲ ካልሆነ ሐሰት ነው» የሚል ቀላል መመሪያ ለሰው መስጠት አይቻልም። የሚያዋጣው የእያንዳንዱን ድርጅት ዶሜይን ከራሱ ከድርጅቱ፣ ከቅርንጫፉ ወይም ከደረሰኙ ላይ አንድ ጊዜ ማወቅ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ወረዳ ላይ ክብ ማኅተም ያላረፈበት፣ ቲተር ያልተመታበት ወረቀት ደብዳቤ አይባልም፤ ባለጉዳይ ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የዚያው ደብዳቤ ግርጌ ላይ ያለው ኢሜይል ግን ብዙ ጊዜ ጂሜል ወይም ያሁ ነው። በጂሜል መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ ነጻ ነው፣ አይበላሽም፣ መብራት ቢጠፋ አይጠፋም። ጉዳቱ ሌላ ነው። የማቻከልን ስም ከጽሕፈት ቤቱ ስም ጋር አጋጥሞ ጂሜል መክፈት ማንም ይችላል፤ ጉግል ማኅተም አይጠይቅም። ከዚህም በላይ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ተዛውሮ ሲሄድ ጽሕፈት ቤቱ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና ስቴፕለሩን በሰነድ ይረከባል፤ ኢሜይሉ ግን ከባለሙያው ጋር አብሮ ይዛወራል። በዶሜይን የታጀበ አድራሻ ቢሆን መሥሪያ ቤቱ ስሙን ለተተኪው ያወርሰው ነበር።

አያት ሲረሳ የሚሆነው ነገር ከሁሉ ያስቃል። አማኑኤል ላይ ያለ ተማሪ ወደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጽፎ መጨረሻ ላይ ኢቲን ቢተው፣ አድራሻው «ዲኤምዩ ነጥብ ኢዲዩ» ሆኖ ይቀራል። እሱም ባለቤት አለው፤ አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት ውስጥ ያለው ዴ ሞይን ዩኒቨርሲቲ ነው። ኢዲዩን በእንግሊዞቹ ልማድ «ኤሲ ነጥብ ዩኬ» ብሎ የጻፈ እንደሆነ ደግሞ ደብዳቤው ሌስተር ከተማ ወደሚገኘው ዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ያቀናል። ሦስቱም ዲኤምዩ ናቸው፤ የሚለያዩት በአባትና በአያት ነው። የባሕር ዳሩ ቢዲዩም ሕንድ ውስጥ ሞክሼ አለው። አገር ቤት ደግሞ የደብሮቹ ጉዳይ አለ፤ ደብረ ማርቆስ ዲኤምዩ፣ ደብረ ታቦር ዲቲዩ፣ ደብረ ብርሃን ዲቢዩ ናቸው። የአንዲት ፊደል ልዩነት የትምህርት ማስረጃ ጥያቄን ከጎጃም ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሸዋ ታሻግራለች። የሚያድነው ብዙ ጊዜ በተሳሳተው ቤት እንዲያ የሚባል ሰው አለመኖሩ ነው፤ ደብዳቤው «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል።

ሁልጊዜ ግን አይመለስም። የአሜሪካ ጦር ዶሜይን የሚያልቀው በሦስት ፊደል፣ በሚል ነው። ከመካከሏ «አይ» ከወደቀች የማሊ ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ፋይናንሺያል ታይምስ እንደዘገበው፣ በዚች በአንዲት ፊደል ግድፈት ለዓመታት እጅግ ብዙ የጦሩ መልእክት ወደ ማሊ ዶሜይን ሲጎርፍ ኖሯል። ያን ያህል ጀኔራልና ያን ያህል ኮምፒውተር ያለው ጦር ከሳተ፣ የአማኑኤሉ ተማሪ ላይ መፍረድ ይከብዳል።

አድራሻው ትክክል ከሆነ ደብዳቤው እንዲህ ይሄዳል። ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከጂሜል የተላከ ደብዳቤ ግን በመጀመሪያ ባሕር ተሻግሮ ውጭ አገር ካለ የጉግል ኮምፒውተር ይደርሳል። ያ ኮምፒውተር የግራውን ወገን ለጊዜው አያየውም፤ ጉዳዩ ከቀኙ ጋር ነው። ከኤ እስከ ኤም በተሰየሙት 13 የሥር ሰርቨሮች ይጀምርና የኢቲን መዝገብ ያዥ ይጠይቃል፤ የኢቲው ስለ ኢዲዩ፣ የኢዲዩው ስለ ዲኤምዩ ይነግረዋል። በመጨረሻም የዲኤምዩን መዝገብ «የዚህን ቤት ደብዳቤ የሚቀበል ማን ነው?» ይለዋል፤ መልሱ የፖስታ ተቀባዩን ኮምፒውተር ስም ይሰጠዋል፤ ባለሙያዎች ኤምኤክስ የሚሉት መዝገብ ይህ ነው። ደብዳቤው እዚያ ሲደርስ ብቻ ነው ከ«አት» በስተግራ ያለው ስም ተነብቦ ከባለቤቱ ሣጥን የሚገባው። ይህ ሁሉ ጥያቄና መልስ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ያገኘውንም ለጥቂት ጊዜ ስለሚያስታውስ በየደብዳቤው ዘር አይቆጥርም።

አጭበርባሪ የሚኖረው ሰው ዘር መቁጠር ስለሚሰለቸው ነው። ለዓመታት የአሜሪካው የቪዛ ዕጣ፣ ዲቪ፣ በሚሞላበት ወራት የኢንተርኔት ቤቶች ደጅ «ዲቪ እንሞላለን» በሚል ወረቀት ይደምቅ ነበር። ቅጹ ኢሜይል ይጠይቃል፤ ኢሜይል የሌለው ደንበኛ ሲመጣ አንዳንዱ ባለቤት እዚያው ይከፍትለት፣ አንዳንዱም ለሁሉም የራሱን ይሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ዕድሉ ወጥቶልዎታል፤ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ባንዲራና ንስር አለበት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ዕጣ መውጣቱን በኢሜይል አያበስርም። ውጤት የሚታየው በማረጋገጫ ቁጥር «ዲቪፕሮግራም ነጥብ ስቴት ነጥብ ጎቭ» በሚለው ገጽ ገብቶ ነው። አያቱ ጎቭ፣ አባቱ ስቴት ነው። አጭበርባሪው ጎቭን አያት ማድረግ አይችልም፤ ስለዚህ ልጅ ያደርገዋል። «ስቴት ነጥብ ጎቭ ነጥብ እገሌ ነጥብ ኮም» ብሎ ሲጽፍ ከግራ ጀምሮ የሚያነብ ሰው የታወቁትን ሁለት ስሞች አይቶ ይረካል። ቤቱ ግን የእገሌ ነው፤ እገሌ በኮም ሥር በጥቂት ዶላር የተገዛ ስም ነው፤ ከእሱ በፊት የተደረደሩትን ልጆች እንደፈለገ የሰየማቸው ራሱ ነው። በሰረዝ ያያያዘውም እንደዚያው ነው፤ ሰረዝ ትውልድ አይለይም፣ የሚለየው ነጥብ ብቻ ነው።

ሌላው መንገድ ዓይንን ማታለል ነው። በላቲን ፊደል አርና ኤን ሲጠጋጉ ኤም ይመስላሉ፤ ቴሌኮም የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ይህን ያደረገ አጭበርባሪ በትንሽ የስልክ መስታወት ላይ አይያዝም። የትንሿ ኤልና የቁጥር አንድ መመሳሰል የታወቀ ነው። የሩሲያውያን ፊደል ውስጥም ከላቲኑ ኤ በመልክ የማይለይ አለ፤ ለኮምፒውተር ግን ፍጹም ሌላ ፊደል ነው።

ከሁሉ የቀለለው ማታለያ ዶሜይኑን ጨርሶ አለመንካት ነው። ኢሜይል ሲከፈት በጉልህ የሚታየው አድራሻው ሳይሆን ላኪው ለራሱ ያወጣው ስም ነው። እዚያ ላይ «የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስፈቅድም። ስልክ ላይ ስሙን ነካ ሲያደርጉት ነው እውነተኛው አድራሻ የሚወጣው። እሱም ቢሆን በቀድሞው አሠራር ሊጭበረበር ይችል ነበር፤ የመላላኪያው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ተላላኪዎቹ የሚተዋወቁ ምሁራን ስለነበሩ ላኪ «ነኝ» ያለውን ይቀበላል። ዛሬ ዶሜይን ያለው ድርጅት በስሙ ደብዳቤ የሚልኩለትን ኮምፒውተሮች በመዝገቡ ላይ ያስጽፋል፣ በደብዳቤውም ላይ የማይታይ ፊርማ ያኖራል፤ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት እነዚህን ያስፈጽማሉ። ያላስጻፈ ድርጅት ስሙን ሌላ ይለብሰዋል፤ የራሱ ትክክለኛ ደብዳቤም «ስፓም» ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ዶሜይን የሚገዛ ሳይሆን የሚከራይ ነው፤ ኪራዩ በየዓመቱ ይታደሳል። የፕሮጀክት ገንዘብ ሲያልቅ ከነሠራተኛው የሚረሳው ይህ ነው፤ ያልታደሰውን ስም ሌላ ሰው ይወስደዋል፣ በዚያ ስም የሚመጣውንም ደብዳቤ ይቀበላል። ይህ የድኃ ጉድለት እንዳይመስል፣ ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ሆትሜይል የሚገባበትን «ፓስፖርት ነጥብ ኮም»ን ማደስ ረስቶ ብዙ ሰው ከሣጥኑ ደጅ ቀርቷል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ ፕሮግራመር 35 ዶላሩን ከኪሱ ከፍሎ አስከፈተው።

ከ«አት» በስተግራ ያለው ወገን የሚገዛው በቀኙ ቤት ሕግ ነው። ጂሜል ከ«አት» በፊት ያሉ ነጥቦችን አይቆጥርም፤ ስምና የአባት ስምን በነጥብ የለየውም ያልለየውም አንድ ሣጥን ነው። ሌላ ቤት ግን ሁለት ሰው ሊያደርጋቸው ይችላል። ነጥብ በሁሉም ቤት ዋጋ ያላት ከ«አት» በስተቀኝ ነው።

የግዕዝ ፊደልም በዶሜይን ውስጥ ይገባል። ኮምፒውተሮቹ ከበስተጀርባ በኤክስና በኤን ወደሚጀምር የላቲን ሰንሰለት ይለውጡትና ይይዙታል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ፊደሉን ነው። የዓለምን ስሞች የሚያስተዳድረው አይካን እ.ኤ.አ. በ2017 በግዕዝ ፊደል የአያትነት ስም የሚወጣበትን ደንብ አካቷል። ከ«አት» በስተግራም ግዕዝ እንዲጻፍ የሚፈቅደው ደንብ በ2012 ወጥቷል፤ ጂሜልም ከ2014 ጀምሮ እንዲህ ላለ አድራሻ ይልካል። ችግሩ የታወቀው የሞክሼ ፊደላት ነው። አማኑኤልን በአሌፍ የሚጽፍ አለ፣ በዓይን የሚጽፍ አለ፤ ለኮምፒውተር ሁለት ከተማ ነው። አንዱን የወረዳው አስተዳደር ቢይዝ ሌላውን ባለ ምግብ ቤት ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱ አጻጻፍ ለአንድ ባለቤት ይሰጥ ወይስ ይከለከል የሚለው አስቀድሞ መቆረጥ አለበት። በላቲን የጻፈውም አላመለጠም። አማኑኤልን በኤ ይጀምሩታል፣ በኢ ይጀምሩታል፣ በአይም ይጀምሩታል፤ ኤም አንዴ የሚበቃው አለ፣ ሁለቴ የሚደግመው አለ። ዶሜይን የሚያስመዘግብ ሰው እንደ አቅሙ ሁለት ሦስቱን አጻጻፍ ያስመዘግብና ሁሉንም ወደ አንድ ሣጥን ይመራቸዋል፤ ኪራዩ ግን በየስሙ ለየብቻ ይከፈላል።